«ደርዝ» የምትባል ቃል ያስከፈለችኝ ዋጋ

እንግሊዝኛ ለምታጠኑ ነው የምጽፈው። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

«ደርዝ» (dearth) በእንግሊዝኛ እጥረት ማለት ነው። (ደርዝ ያለው ንግግር ከምንለው ጋር አይዛመድም።) ደብረ ብርሃን ስማር በቀን 20 ቃል ሸምድዱ ተባልን፤ ሸመደድኩ። ፈተና ላይ መጣ፣ አገኘሁት።

ከተመረቅኩ በኋላ መንዝ ውስጥ የበግ እርባታ ፕሮጀክት ላይ ተቀጠርኩ። ገበሬው አዋሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ የተዳቀለ አውራ በግ ይፈልጋል፤ አይዳረስም። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሪፖርት አደረግኩ። «ሾርቴጅ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አለቃዬ ረቂቁን አይቶ «ይሄ የተማሪ ቃል ነው፣ ከበድ ያለ ፈልግ» አለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ በ«ደርዝ» ቀየርኩት። ጣቴ በብርድ ደንዝዟል። «አር» የምትለዋ ፊደል ቀረች። ያለ እሷ ቃሉ «ሞት» (death) ነው። «ሞት»ም ትክክለኛ ቃል ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቀይ አላሰመረበትም።

የአውራ በግ ሞት በሦስት ቀበሌ! ሪፖርቱ እንዲህ ሆኖ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ጭኖ ደረሰ። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ነበር። በገበያው ቀን በሽታ ገብቷል ተብሎ በግ የሚጠይቅ ጠፋ። አንድ አባት ሙክታቸውን በገመድ እንደያዙ፣ ጸጉሩን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ቆዳውን አሳዩኝ። «ምኑ ነው የታመመው፣ ልጄ?» አሉኝ። የልጅ ደብተር ሊገዙበት ነበር። መልሰው ይዘውት ሄዱ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አለቃዬ ቃሉን ያስቀየረኝ እሱ መሆኑን ትንፍሽ አላለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለእኔ ብቻ መጣ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ቃሉን በደንብ ያጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። የወጣው «ዲር» (dear) ከሚለው ነው፤ እንደኛው «ውድ» ለወዳጅም ለዋጋም ይሆናል። ድሮ ውድነት ማለት ነበር። እህል ሲጠፋ ዋጋው ይሰቀላልና ትርጉሙ ወደ እጥረት ዞረ። ሲነበብ ግን እንደ «ዲር» አይደለም። መሬት የሚለውን «ኧርዝ» (earth) ጻፉና ፊቱ ላይ «ዲ» ጨምሩበት፤ ድምፁም ፊደሉም ልክ ይመጣል፣ «አር»ም አትጠፋም። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም።

በቀን 20 ቃል መሸምደድ ይቅርባችሁ። አንዷን ከሥሯ እወቁ። ሪፖርት ላይ ደግሞ አለቃ ቢቆጣም «ሾርቴጅ» ጻፉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጽፌ አላውቅም።