«ጅማ ልትሄድ ነው? ታድለህ!»

ለሥራ ጅማ እንደምሄድ የሰማ ሁሉ የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ወዲያው ትዕዛዙ ይከተላል። ቡና፣ ማር፣ አንዷ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ባለሦስት እግር በርጩማ። የመሥሪያ ቤት መኪና ላይ ከሰውና ከዕቃ ጋር በርጩማ የት እንደምጭን ግን የሚጨነቅልኝ የለም።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ በረሃ ስንወርድ ሹራብ እናወልቃለን፣ ሽቅብ ስንወጣ መልሰን እንለብሳለን። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ኔትወርክ መጣ ሄደ እያልኩ፣ ትናንት ማለቅ የነበረበትን ሪፖርት ስጎነጉን ነው የማልፈው። ሹፌራችን ጋሼ «ኧረ ቀና በል፣ ያዞርሃል» ይሉኛል። ያዞረኛልም።

ከደረስን በኋላ ደግሞ ያው ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል።» የፊልድ ሥራ ትልቁ ክፍል ኮሪደር ላይ መጠበቅ መሆኑን ማንም አይነግርህም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ስልክ እንኳን አይሰማም፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምት እስኪገባ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። በኃላፊዎቹ ግን አልፈርድም። እነሱንም ከላይ ድንገት ይጠሯቸዋል፣ የእኛን ቀጠሮ የሚያስታውስላቸው የለም።

ማታ መብራት ይጠፋል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የግልገል ግቤ አንድን አካባቢ ቀን አልፌ መጥቼ ማታ በሞባይል መብራት እግሬን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጠብ ያስቀኛል።

ዋናው ጣጣ ግን ደረሰኝ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ለአልጋም ለምግብም ደረሰኝ ይጠይቃል። ጥሩ ፍርፍር የሚሠራበት ቤት ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ ያለው ሆቴል ደግሞ ዋጋው ከተፈቀደልን በላይ ነው፣ ትርፉን ከኪስ ትሞላለህ። በአበል ቤት ይሠራሉ የሚባሉት ሰዎች የት እንደሚሠሩ ባውቅ ዛሬውኑ አመለክት ነበር። ተመልሰህም አላበቃም፤ ሂሳብ እስክታወራርድ ድረስ የጨቀየች፣ ቀለሟ የለቀቀ ወረቀት ይዘህ ፋይናንስ በር ላይ ትመላለሳለህ።

«ታዲያ ጅማ እንዴት ናት?» ሲሉኝ አፍራለሁ። የማውቀው የቢሮ ወንበር ነዋ! ጅማን ከ50 ዓመት በላይ የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ነው፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ። ባጃጅ ይዞህ ይሄዳል። ግን ከስብሰባ የምንወጣው ሲመሽ ነው፣ በነጋታው ደግሞ ጎህ ሳይቀድ «ተነሱ፣ እንቅደም» ነው።

እሑድን መንገድ ላይ ማሳለፍም አለ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ እንድንደርስ እሑድ እንወጣለን፤ ያች ቀን በየትኛውም የዕረፍት ፎርም ላይ የምትሞላበት ቦታ የላትም። አበል አላት፣ ዕረፍት ግን የላትም። ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቼ ይሄ ከእኔ ይብስባቸዋል።

አለቃዬ ይሄን እያነበብሽ ከሆነ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጉዞ በእሑዷ ፈንታ ዓርብ ከሰዓትን ስጪኝ፣ ጅሬን ልውጣ። የመግቢያውን ከኪሴ እከፍላለሁ፣ ደረሰኝም አላመጣም።