የኮምፓራተር ግብዓት፦ ሳይቃጠል የሚሳሳተው ቺፕ

ድሬዳዋ ውስጥ ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው የፍሎት (የውኃውን መሙላት የሚያሳውቅ ስዊች) ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከፓምፑ የ220 ቮልት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ያልፋል። ኮንታክተሩ (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ስዊች) ሲለቅ በሽቦው ላይ ስፓይክ (ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ዝላይ) ይፈጠርና የኤልኤም393 ግብዓት ላይ ይደርሳል። ኤልኤም393 ሁለት ቮልቴጆችን የሚያነጻጽር ቺፕ (ኮምፓራተር) ነው፤ እዚህ ፓምፑን የሚያዘው እሱ ነው።

የግብዓት መከላከያ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚፈራው መቃጠሉን ነው። ዳታ ሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ከግራውንድ በታች ለሚወርድ ግብዓት 50 ሚሊአምፒር ድረስ ስለሚፈቅድ ቺፑ ቶሎ አይሞትም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ፒኑ ከግራውንድ በታች ከ0.3 ቮልት በላይ ሲወርድ ቺፑ ውስጥ መሥራት የሌለበት ትራንዚስተር ይነቃና መውጫው ይገለበጣል። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ፓምፑ ይነሳል።

በ12 ቮልት ለሚሠራ ሰርኪት የምመክረው ይህን ነው። የፍሎቱን ሽቦ በ10 ኪሎኦም ወደ 12 ቮልት ሳቡት፤ በቺፑ ሌላኛው ግብዓት ላይ ያለው ማነጻጸሪያ 6 ቮልት ይሁን። ከሽቦው ቀጥሎ ሦስት 33 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ይግቡ፤ 100 ቮልት ቢመጣ እንኳ የሚያልፈው 1 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ከእነሱ በኋላ የ15 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁ ከ15 ብዙ እንዳያልፍ የሚይዝ ዳዮድ) እና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። ዜነሩ ከላይ የሚመጣውን ከቺፑ የ36 ቮልት ገደብ በታች ይይዛል፤ ወደ ኔጌቲቭ ግን እስከ 0.7 ቮልት ያስወርዳል፣ ይህም ለፒኑ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዜነሩ ወደ ፒኑ ሌላ 10 ኪሎኦም ጨምሩና ፒኑ ሥር ባት85 ሾትኪ ዳዮድ (ከተራ ዳዮድ ባነሰ ቮልቴጅ የሚከፈት) አስቀምጡ፤ አኖዱ ግራውንድ፣ ካቶዱ ፒኑ ላይ። ዜነሩን ከሬዚስተሮቹ በፊት ማሰር ትልቁ ስህተት ነው፤ ከረንቱን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል።

ግብዓቱ 12 ቮልት ሲሆን ከቺፑ የ10.5 ቮልት የሥራ ክልል ይወጣል፤ 6 ቮልቱ ክልሉ ውስጥ እስካለ ድረስ መውጫው ትክክል ነው። ከፒኑ የሚወጣው ከረንት በ25 ዲግሪ ሙቀት ቢበዛ 250 ናኖአምፒር ስለሆነ በሬዚስተሮቹ ላይ የሚያጠፋው 27 ሚሊቮልት ብቻ ነው።

«ለጥንቃቄ» ብላችሁ ግን 1 ሜጋኦም አታስገቡ። የሾትኪ ሌኬጅ (ዳዮዱ ተዘግቶም የሚያሾልከው ከረንት) ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በድሬ ፀሐይ ከቆርቆሮ ሥር የተሰቀለ ሳጥን ውስጥ ግብዓቱን ከ6 ቮልት በታች ሊጎትተው ይችላል። ሳጥኑ ጥላ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ 220 ቮልት በቀጥታ ቢነካው ወይም መብረቅ ቢመታው አያድንም፤ ለፍሎቱ የራሱን ቱቦ ስጡት።

ለመፈተሽ የፓምፑን ኃይል አጥፉ፣ የ9 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ግራውንድ ላይ፣ ኔጌቲቩን የፍሎቱ ሽቦ ላይ አድርጉ። ማልቲሜትር ፒኑ ላይ ከ-0.3 ቮልት የባሰ ካሳየ የሾትኪውን ብየዳ ተመልከቱ።