ኮምፒውተሩ «1» ይላል

ዛሬ ሱቅ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ዋለ። «ያ ጥቁሩ ጫማ አለ?» አሉኝ አንዲት ደንበኛ። የትኛው ጥቁር? «ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነዋ!» ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ መፈለግ ጀመርኩ። ሒሳብ ሊከፍሉ የተሰለፉት ሰዎች ያፈጡብኛል።

ኮምፒውተሩ «1» ይላል። ይቺ 1 ናት ጉዳችን። 10 ቢል አፌን ሞልቼ «አለ፣ ይምጡ» እላለሁ። 1 ሲል ግን ምኑ ይታመናል? አንዱ ለክቶት ሌላ መደርደሪያ ላይ ጥሎት ይሆናል። ተሰርቆም ይሆናል፤ ቆጠራ እስኪደረግ ሲስተሙ በምን ያውቃል? ወይም ካሸሯ ቡኒና ጥቁር ስትሸጥ የቡኒውን ባርኮድ 2 ጊዜ መትታው ይሆናል። (እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም።)

ደግሞ «ያስቀምጡልኝ» የሚባል ነገር አለ። ለደዋይ ስናስቀምጥ፣ ገንዘቡን ይዞ ፊታችን የቆመውን ሰው «ተይዟል» ብለን እንመልሰዋለን። ያስያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል።

ብቻ «ልይልዎት፣ ይጠብቁኝ» ብዬ መጋዘን ገባሁ። መሰላል ወጣሁ። ካርቶኑ ተገኘ! ከፈትኩት። ሁለቱም የግራ እግር።

አቧራዬን አራግፌ ስመለስ ስልኩ ተዘግቷል። ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉ። «ቅድም አንዷ ልጅ አለ ብላኛለች» አሉ፣ በቁጣ።

ልጅቷ እኔ ነኝ። አለ አላልኩም።