ሲበርድስ?

ሐጂ ኮስተራቸውን ከኮምቦልቻው ወርክሾፓችን በር ላይ ሲያቆሙ ወንበሮቹ ሁሉ ተነቅለው፣ በምትካቸው አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የዕቃ ማጠቢያ ገብቶ ነበር። ደሴንና አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረች መኪና ናት፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ ሐጂም እንደዚያው። ከጀርመን ለዕረፍት የመጣው ልጃቸው አናጺ አስገብቶ ቤት አደረጋት። ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ከዚያ በባቲ በኩል አፋር ውስጥ ወዳለችው ሚሌ ወርዶ መብራት በሌለበት ሜዳ ላይ መሰንበት፤ ዕቅዱ ይህ ነው። እኛ የተጠራነው ለጣሪያው ሶላር ነው።

ጭነቱ አንድ ትንሽ ፍሪጅ፣ ስድስት አምፖል፣ የውሃ ፓምፕና የስልክ ቻርጅ ነው። በቀን 600 ዋት-ሰዓት ቢበላ ነው። የሐጂ ባለቤት በኋላ በር ብቅ ብለው «ምጣድስ ይችላል?» አሉኝ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ እንደሚጎትት ነገርኳቸው። «እንግዲያው እንጀራችንን ጋግረን እንሄዳለን» ብለው ተመለሱ። በዚህ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትክክል የነበርኩት በምጣዱ ጉዳይ ብቻ ነው።

ዕቃው ባለ 450 ዋት ሁለት ፓኔል፣ ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ከፓኔል የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው የሚመጥን፣ 100 ቮልት 40 አምፒር የሚል ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ነበር። ፖርቶመጋላውን ቆርጠን አወረድነው፤ ጥላው ፓኔል ላይ ካረፈ ሲሶውን ሥራ ሊያስፈታው ይችላል። ፓኔሎቹን በአንግል ብረት ከጣሪያው አምስት ጣት ያህል ከፍ አድርገን አሰርናቸው፤ አፋር ሲወረድ ከሥር ንፋስ ካልገባ ይግላሉ፣ ሲግሉ ደግሞ ጉልበታቸው ይደክማል። ቀዳዳውን በሲካ ደፈንን። እስከዚህ ድረስ ማንም ስህተት አያገኝብኝም።

ልጃቸው ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ፓኔል ወደ ደቡብ ማዘንበል አለበት ይላል። ጀርመን እንደዚያ ነው፤ ስልኩም እንደዚያ ይለዋል። ሥራ አቁሜ አስረዳሁት። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በስተሰሜናችን ነው፤ በሰኔ ወር ስድስት ሰዓት ላይ ውጣና ጥላህን እየው፣ ወደ ደቡብ ወድቆ ታገኘዋለህ። ደግሞስ መኪና አይደለም? ዛሬ አፍንጫው ወደ ባቲ፣ ነገ ወደ ሐይቅ ነው። ዝርግ ይሁን።

ልጁ ዝም አለ። ሐጂ «ጀርመንን ረታው!» ብለው ሳቁ። ሠራተኞቹም ሳቁ። ያን ዕለት ምሳ የበላሁ አይመስለኝም፤ ጠግቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማገናኘቱ መጣን። ሁለቱን ፓኔል በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ለማሰር ባለ ሹካ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ አንድ ለፖዘቲቩ፣ አንድ ለኔጋቲቩ። በእጃችን አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ እስኪደርስ ሁለት ቀን ነው። በሲሪስ ከሆነ ግን የአንዱን ጅራት ከሌላው አፍ መግጠም ብቻ ነው። የሚደመረው ቮልቱ እንጂ አምፒሩ ስላልሆነ ያለን ባለ 4 ሚሊ ሜትር ገመድም በደንብ ይበቃል። ሐጂ በማግስቱ መውጣት ይፈልጋሉ። በሲሪስ ይታሰር አልኩ።

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የተላከች ተማሪ ነበረችን። ጠዋት ፓኔሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሳለ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቁጭ ብላ ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ አይቻታለሁ። ሥራ እያለ ደብተር አልወድም፤ ግን ምንም አላልኳትም። መሰላሉ ሥር ሆና ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። አንዱ ፓኔል 49.3 ቮልት ነው። በሲሪስ 98.6 ይመጣል። ኮንትሮለሩ የሚችለው ደግሞ 100 ነው።»

«98.6 ከ100 ያንሳል ወይስ ይበልጣል?»

«ያንሳል።»

«እንግዲያው ጨረስን።»

አልጨረሰችም። «ግን ወረቀቱ የሚለው በ25 ዲግሪ የተለካውን ነው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ጣሪያውን እንደ ምጣድ አግላዋለች። ቴስተሩን በሁለቱ ጫፍ ላይ አሳርፌ ወደ እሷ አዞርኩት፤ 91 ይላል። «አየሽ? ወረቀት የፈለገውን ይላል። ቴስተር አይዋሽም።»

«አሁን ስለጋለ ነው ጋሼ። ይቺ የመቀነስ ምልክት ያለባት 0.27 ፐርሰንት በየዲግሪው…»

«አውቃታለሁ። ሲሞቅ ቮልቱ ይቀንሳል ማለት ናት። እነሱ የሚወርዱት ሚሌ ነው፤ እዚያ ጭራሽ ይቀንሳል።»

«ሲበርድስ?»

«ሲበርድማ ጋቢ ትደርቢያለሽ» አልኳት።

ብየዳ ላይ የነበረው ልጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሳቀ። ሐጂ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለችና ደብተሯን ዘጋች። ያ አዘጋጓ ነው እስካሁን የሚታየኝ። አላጠፈችውም፣ አልወረወረችውም፤ እስክሪብቶዋን መሐሉ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ዘጋችው፤ በኋላ ልትመለስበት እንደምትፈልግ ሰው።

መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሲሞቅ የሚቀንስ ነገር ሲበርድ እንደሚጨምር ለማወቅ ኮሌጅ አያስፈልግም። ሚሌ ሚሌ ሲባል ስለዋለ ልቤ ሁሉ ሙቀቱ ላይ ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ቀን መጠበቅ አልፈለግሁም ብል ሌላ ሩብ ይሆናል። የቀረው ሩብ፣ ጠዋት ጀርመንን የረታ ሰው ከሰዓት በኋላ በተለማማጅ አይረታም የሚል ነው።

እነ ሐጂ በማግስቱ ቢወጡም ሐይቅ አልደረሱም። መጀመሪያ መኪናዋን ለእህታቸው ማሳየት አለብኝ ብለው ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ካለው የእህታቸው ግቢ አደሩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን እዚህ በሸሚዝ የዋለ ሰው የሐረጎን ዳገት ሲጨርስ ኮቱን ይፈልጋል። ከ600 ሜትር በላይ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ይህንንም አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ እመላለስበታለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እንዴት አደርክ፣ ልጄ? ቤተሰብ ደህና?» ሐጂ ቤታቸው እየተቃጠለም ቢሆን ሰላምታ አያጓድሉም።

«ደህና ነን፤ ምን ገጠመዎት ሐጂ?»

«ምንም። ፍሪጁ ይሠራል፣ መብራቱም ይሠራል። ያቺ ሳጥንህ ብቻ ዐይኗን ጨፍናለች። ሸራውን ስገፍፍ ጧ አለችና ትንሽ ሸተተች።»

«የምን ሸራ?»

«የድሮው የዕቃ መሸፈኛ ነዋ። ማታ ፓኔሎቹን አለበስኳቸው።»

«ማን አልብሱ አለዎት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ሳስበው ደስ ብሎኝም ነበር። ጥፋቱ የሸራ ሊሆን ነው።

«አንተው። ከአቧራ ጠብቋቸው አላልከኝም?»

ብያለሁ። ክፍያውን ስቀበል፣ እንደ መሸኛ ያልኩት ነገር ነው።

ዝም ስል ጊዜ ሐጂ «አብሽር» አሉኝ። «ዕቃ አይደል? ይተካል።» አብሽር የሚባለው የታመመና ያዘነ ሰው ነው። ያጠፋ ሰው ሲባል ከስድብ ይከብዳል። ቢቆጡኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ፣ ስለ ሸራ አንድ ሁለት ተባብለን፣ ግማሽ ግማሽ እንከፍል ነበር።

ኮንትሮለሩን ለሸጠልኝ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደወልኩ። ዋስትናው አንድ ዓመት ነው። ስለ ዕቃ ጥራት፣ ስለ ደንበኛ ክብር የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

«ስንት ፓኔል ነው?» አለኝ።

«ሁለት። ባለ 450።»

«በሲሪስ?»

«በሲሪስ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ጠዋት ነው የሞተው፣ አይደል?»

ስለ ሰዓቱ አንድም ቃል አልነገርኩትም ነበር። ዋስትናውን አላነሳሁም። አንድ ኮንትሮለርና ሁለት ባለ ሹካ ማገናኛ ጫንልኝ አልኩት። የማገናኛውን ዋጋ ሲነግረኝ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ከኮንትሮለሩ ዋጋ አጠገብ የሚጠራ አልነበረም። ሆኖም አሁንም አንድ የምለው አለኝ፤ 100 ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ሁለት ቮልት ስለተጨመረበት መሞት አልነበረበትም። ድሮ የመጡት እንዲህ አይሰበሩም ነበር። ነጋዴው ይህንን ያውቃል።

ማታ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። ለሁለቱ ፓኔል፣ አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ሩብ ቮልት እና ጥቂት ይጨመራል። ከ98.6 እስከ 100 የቀረው 1.4 ቮልት ነው፤ ስድስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ይጨርሰዋል። ከ25 ስድስት ሲቀነስ 19 ነው። 19 ዲግሪ ደግሞ በደሴ ብርድ አይባልም። ሸራው ያደረገው ነገር ቢኖር፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ እስከ ሦስት ሰዓት ማቆየት ነው። ሌላ ጊዜ ፓኔል ከንጋት ጀምሮ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይሞቃል፤ ብርዱ ሲጠነክር ፀሐይዋ ደካማ ናት፣ ፀሐይዋ ስትጠነክር ብርዱ አልፏል። ሸራው ሲገፈፍ ግን ውርጭ የጠጣው ፓኔል በረታች ፀሐይ ሥር በአንዴ ተጋለጠ።

በዚያው ሰሞን የልምምድ ቅጿን ሞላሁላት። «ታዛዥነት» የሚል ረድፍ አለው። «ጥያቄ መጠየቅ» የሚል ፈልጌ አጣሁ።

ዕቃው በደረሰ ማግስት ልጅቷን ይዤ በመጀመሪያው ታክሲ ደሴ ወጣሁ። ለምን እንደወሰድኳት ለራሴም አልነገርኩትም። ሐጂን እስክንደርስ ሸራውን እንዳይገፍፉት በስልክ ለምኛቸው ነበር። በፓራለል ከማሰሬ በፊት የድሮውን በዐይኔ ማየት ፈለግሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ለቁርስ አስቀመጡን፤ ስንነሳ ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። መሰላሉን ሳቆም የሐጂ ባለቤት ከቤት ወጥተው፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ «ብርዱ ይመታሃል፣ ልጄ፤ ጋቢ ደርብ እንጂ» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

ወደ ልጅቷ አልተመለከትኩም። እሷም የቴስተሩን መስኮት አተኩራ የምታይ መሰለች። ቴስተሩ ገና አልተከፈተም ነበር።

ሸራውን ገፈፍኩት። እሷ መሰላሉ ላይ ሆና ሁለቱን መርፌ ጫፎቹ ላይ አሳረፈች። 101.4። ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ወደ እኔ አዞረችልኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ መዳፏ ላይ ጻፈችው። ፀሐይዋ መስታወቱን ስትይዘው ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 101.1። 100.8። ላብ ይመስል ከመስታወቱ ላይ እንፋሎት ይነሳል።

ልጃቸው ከታች ቆሟል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ። «ስንት ይላል?» አለኝ በትሕትና።

100.5።

«ቆይ፣ እየተረጋጋ ነው» አልኩት።

ጋቢውን አስተካከልኩ። የሸራውን ገመድ ጠቀለልኩ። 100.2። አንዱን ብሎን፣ ጠብቆ ሳለ፣ ደግሜ አጠበቅሁት። 100.0። ልጅቷ መርፌዎቹን እንደያዘች ነው፤ እጇ በብርዱ ቀልቷል፤ ግን አላነሳችውም።

«99.8!» አልኩ ወደ ታች።

«ከመቶ በታች ነው ማለት ነው?»

«ቴስተር አይዋሽም» አልኩት።

ልጅቷ መርፌዎቹን አነሳችና መዳፏን ጨብጣ ከመሰላሉ ወረደች።