ሁለት ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ

«ሠራተኛዋ የሰዓት አጠቃቀም ችግር እንዳለባቸው አምነዋል።» ይህች ዓረፍተ ነገር በአንድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረች ናት። ሰው አልጻፋትም፤ ሆኖም ሦስት ሰዎች ከሥሯ እንዲፈርሙ ተዘጋጅታ ቀርባ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ባስታወስኳት ቁጥር ትከነክነኛለች።

የምሠራው ከጎሮ ወዲያ፣ ከተማው አልቆ ማሳው ሊጀምር ሲል በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ በሰው ኃይል ክፍል ነው። የኮሚቴው ጸሐፊነት በዚሁ ላይ ተደርቦ የመጣብኝ ሥራ ነው፤ አበል የለውም። ለዓመታት ቃለ ጉባኤ የያዝኩት በእጄ፣ በባለ መስመር ደብተር ላይ ሲሆን፣ አንድ የማልተወው ልማድ ነበረኝ፤ የተጠየቀው ሠራተኛ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም ካለ «ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ» ብዬ እጽፋለሁ። የቀድሞው ኃላፊ «ዝምታ ምን ማስረጃ ይሆናል?» እያለ ይሰርዝብኛል፤ እኔም በሚቀጥለው መልሼ አስገባዋለሁ። ደግሞ ስለ ቀድሞው ኃላፊ ካነሣሁ አይቀር፣ እሱ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አያውቅም፤ የሰውን ዓይን ዓይን እያየ ሻዩን እየጠጣ የስንብት ደብዳቤ ይፈርም ነበር። ስለዚህ «ድሮ ቀረ» የሚል ወሬ ከእኔ አይጠበቅ።

አዲሱ ኃላፊያችን ወጣት፣ ትጉህና ጨዋ ሰው ነው። እንደመጣ የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ሁላችንንም አንድ ቅዳሜ ሰብስቦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠን ነበር። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የፈቃድ መልስ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጊዜ ማባከን እንደሆነ አስረዳን፤ ለማሳመኛም አንድ ታሪክ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር «ኤሊዛ» የሚባል ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቀ። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈለትን ቃል ገለባብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር ሌላ ዕውቀት አልነበረውም። ይሁንና ፕሮፌሰሩ ሲሠራው አጠገቡ ሆና ስትከታተል የነበረችው የገዛ ጸሐፊው ጥቂት ከተጻጻፈችው በኋላ ዞር ብላ ፕሮፌሰሩን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ኃላፊያችን «አያችሁ፣ ገና ያኔ!» አለና አጨበጨብን። ፕሮፌሰሩ በዚህ ደንግጦ በኋላ የዚሁ ቴክኖሎጂ ብርቱ ተቺ መሆኑን ግን አልነገረንም። እኔ ደግሞ በጸሐፊነት ስላረጀሁ ይመስለኛል፣ ልቤ የሄደው ወደ ሴቲቱ ነበር፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ከዚያ በፊት «እስቲ ንገሪኝ» ያላት ሰው ነበር ይሆን?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስድስተኛው ላይን ላይ ኦቨርሎክ በተባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን የሚሠሩ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው። ለዓመታት የጣት አሻራ መዝገባቸው እንከን አልነበረውም፤ በድንገት ግን ማርፈድ ያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሠራተኛው ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ተነግሮት ከሆነ ነው። የእትዬ ቁጥር ስምንቱን አልፏል፤ ፋይላቸው ውስጥ ግን አንድም ወረቀት የለም፤ ሱፐርቫይዘራቸው ያደረገው ነገር ቢኖር መጮህ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን የተሰበሰብነው የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በወጉ ለመስጠት ነበር።

ኃላፊያችን በዋዜማው ጉዳዩን ለዚያው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን አስረድቶ የጥያቄ ዝርዝር አውጥቶ ነበር የመጣው። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቹ እኔ ከማወጣቸው የተሻሉ ነበሩ። ላፕቶፑን ከፊቱ ከፈተ፤ ድምፅ እንዲቀዳ ስልኩን ከጠረጴዛው መካከል አኖረ፤ ማንበብም ጀመረ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በበኩሉ በጠረጴዛው ሥር የማታውን ጨዋታ ጎሎች ያለ ድምፅ ይመለከት ነበር። እሱ ለዚህ ምንም ዓይነት አስተውሎት አላስፈለገውም፤ ከቴሌቪዥን ዘመን ጀምሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስብሰባ ላይ ያለመገኘት ተሰጥኦ ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «በቅርቡ የመኖሪያ አድራሻዎ ተለውጧል?» የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ ጉልበታቸውን ሲያዩ የቆዩት እትዬ ቀና አሉ። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እሳቸውም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነሥተው ገላን ጉራ ቤት ደርሷቸው እንደገቡ፣ ቤቱ ደኅና ቤት እንደሆነ፣ ውኃም መብራትም እንዳለው፣ የቀድሞው ሰርቪስ ግን ሰው የሚጭነው ከኡራኤል ስለሆነ ለእሳቸው መቅረቱን ነገሩን። ባጃጅ ጎሕ ሳይቀድ አይገኝም፤ ቱሉ ዲምቱ ደርሰው ወደ ጎሮ የሚመጣ ታክሲ እስኪያገኙ ደግሞ ሰልፉ ሌላ ፈተና ነው። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ደግሞ አልደብቃችሁም፣ እኔ በሰዓት ተነሥቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የምነሣው በኡራኤል ኪዳን ነው። ካህኑ ድምፁን ሲያሰማ ነቅቼ፣ ኪዳኑ ሳያልቅ ቡናዬን አፍልቼ እወጣለሁ። እዚያ ግን ድምፁ አይመጣም። ልጄ ስልኩን ሞልታ ትሰጠኛለች፤ ሲጮህ ደግሞ ሰው የሞተ እየመሰለኝ ደንግጬ አጠፋዋለሁ።»

እኔ እየጻፍኩ ነበር፤ እስክሪብቶዬን አቆምኩ። ኃላፊያችን ግን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ወደ አራተኛው አለፈ፦ «ለማርፈድዎ ምክንያት የሆነ የመጓጓዣ ችግር አለ?»

እትዬ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«አሁን የነገርኩህ እኮ እሱን ነው፣ ልጄ።»

«ገብቶኛል እትዬ፤ ግን ቀጣዩ ጥያቄ እሱ ስለሆነ ነው። ለመዝገቡ ይመልሱልኝ።»

ጋዋናቸው እጅጌ ላይ የተጣበቀች ሰማያዊ ብጣሽ ክር ነበረች፤ እሷን ነቅለው በሁለት ጣታቸው መካከል ማሽከርከር ያዙ። አሽከረከሯት፣ አሽከረከሯት፣ አድበልብለው ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀመጧት። ከዚያ «እሺ። አለ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሰጡት መልስ ከአንድ ቃል አልበለጠም።

ያ የ1966ቱ ፕሮግራም ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ኤሊዛ ምንም የማያውቅ ነገር ይሁን እንጂ፣ ቢያንስ የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚያወጣው ሰውየው ከተናገረው ቃል ውስጥ ነበር። የእኛው ኃላፊ ያደረገው ግን ማሽኑ ራሱ እንኳ አጠገቡ ቢቀመጥ የማያደርገውን ነው፤ አራተኛውን ጥያቄ ሦስተኛው ሳይመለስ የተጻፈ መሆኑን ረስቶ እንደ ዳዊት ደገመው። በወቅቱ የተናደድኩት በላፕቶፑ ነበር፤ ንዴቱ ወደ ባለቤቱ የዞረው ቤት ገብቼ ነው።

ቃለ ጉባኤው ከድምፅ ቅጂው በማሽኑ ተጽፎ ሻይ ሳንጠጣ ደረሰ። አማርኛው የተስተካከለ፣ አንቀጹ የተከፋፈለ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተጠበቀ ነበር። ዝምታው የለም። ክሯም የለችም፤ እሷስ ይሁን። የኡራኤል ኪዳን ያለበትን ቦታ ብፈልግ ግን ያገኘሁት ከላይ የጠቀስኳትን ዓረፍተ ነገር ነው። ሊቀ መንበሩ ፈርሞ ስለነበር ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ይህን አላሉም» አልኩት።

«በሰዓት ተነሥቼ አላውቅም ብለዋል እኮ። ትርጉሙ ያው ነው።»

«ያው ከሆነ የተናገሩትን እናስፍረው።»

«እርስዎ እጅዎ ስለለመደ ነው» ብሎ ፈገግ አለ። «ይሁን፣ ቅጂው አለ፤ እንስማው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመተረክ ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም እስካሁን ስወነጅለው ለቆየሁት ነገር ጠበቃ ያቆምለታል። ኃላፊው ቅጂውን ከፍቶ፣ የሚነበብ ነገር ፊቱ ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ አዳመጠ። ስለ ገላን ጉራ፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ኪዳኑ ሰማ። ሴትዮዋ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው ሲናገሩ ያልሰማውን፣ እሳቸው ስድስተኛ ላይን ላይ ኦቨርሎካቸውን ሲያስጮኹ በስልክ ቅጂ ሰማው። የገዛ ራሱ ድምፅ አራተኛውን ጥያቄ ሲያነብ ግን ቅጂውን አቆመ፤ ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አዳመጠው። ጆሮው ቀላ።

«ለምን አላቆማችሁኝም?» አለኝ።

«ቀና እስኪሉ እየጠበቅን ነበር» አልኩት።

አልተቆጣም። ዓረፍተ ነገሯን ሰርዞ የእትዬን ቃል እንዳለ እንዳስገባ ፈቀደልኝ፤ «ዝምታው ግን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም» አለ፤ በዚህስ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር አንድ ልብ ናቸው። እዚያው እንደተቀመጥኩ ለትራንስፖርት ክፍል ደወለ። ሲጣራ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ የተዛወሩ ሠራተኞች ብዙ ሆነው ተገኙ፤ ወሩ ሳያልቅ አንዱ ሰርቪስ መነሻው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ሆነ።

በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ይህ ሁሉ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ የሠራተኛ ተሳትፎ» በሚል ርዕስ በስላይድ ቀረበ። አጨበጨብን፤ ሊቀ መንበሩም ቀና ብሎ አጨበጨበ። ተነሥቼ «ውሸት ነው» ልል ፈልጌ ነበር፤ አቅሙ አልነበረኝም። ስለ አድራሻ የጠየቀው ማሽኑ ነው፤ መልሱን ቀድቶ ያቆየውም ማሽኑ ነው። መልሱን ያጣመመው ራሱ መሆኑን ብጨምር ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ባለ ጆሮዎች ምን ስንሠራ ነበር የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ አንዱ ጎል ሲያይ ነበር ብዬ ልመልስ?

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን አልቀረም። አርፍደዋልና አርፍደዋል፤ ሰርቪሱ ከተስተካከለ በኋላ «እንሰርዘው» ብዬ ብጠይቅ «ሲስተሙ ላይ ገብቷል» የሚል መልስ አገኘሁ። የጻፈው ማሽኑ ነው፤ እኔ የሠራሁት የሕጉን ቁጥር ማረም ብቻ ነው፤ የተሻረውን አዋጅ 377/96 ጠቅሶ መጥቶ ነበር። ላስፈርማቸው ስጠራቸው እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች፣ ከነማኅተሙ፣ ከነግልባጩ አነበቡት። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳወጣ ሳወርድ ነበር።

«አማርኛው እንዴት ያምራል!» አሉ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የጻፍኩትን ደብዳቤ እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ አንድም ሰው የለም።

«አይደለሁም፤ ተጽፎ የመጣ ነው» አልኳቸው።

«ይታወቃል» ብለው ሁለቱንም ቅጂ ፈረሙ፤ አንዱን ለልጃቸው ሊያሳዩ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።