ደሴ ላይ የጠመቅሁት ቢራ ምሬት ለምን አነሰ?

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ጣሳ ሞልት ኤክስትራክትና 100 ግራም ካስኬድ የተባለ ሆፕ (ቢራን እንደ ጌሾ የሚያመርር የተክል አበባ) ይዞልኝ መጣ። ሞልት ኤክስትራክት ማለት የብቅሉ ጣፋጭ ውሃ ተጣርቶ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ እንዲተን የተደረገ ነው። ስለዚህ ብቅል መፍጨትና ማጥለል የለም፤ ለጠማቂው የሚቀረው ትልቁ ሥራ ሆፑን በአግባቡ ማፍላት ነው። እኔም የተሳሳትሁት እዚሁ ላይ ነበር።

በሆፑ ከረጢት ላይ አልፋ አሲድ (ሲፈላ ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) 6 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። 20 ግራም ሆፕ ውስጥ 1.2 ግራም አልፋ አሲድ አለ ማለት ነው። በተለመደው ስሌት መሠረት አንድ ሰዓት ሲፈላ ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጋው ወደ ምሬት ስለሚለወጥ፣ በ10 ሊትር ቢራ ውስጥ 29 አይቢዩ ገደማ አገኛለሁ ብዬ አሰብሁ፤ አንድ አይቢዩ በአንድ ሊትር ውስጥ እንደሚገኝ 1 ሚሊ ግራም የምሬት ንጥረ ነገር ይታሰባል።

እናቴ ሆፑን አሽትታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጌሾውን ሳትጠነስሺው እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ለጠላ ጌሾው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲሰነብት ምሬቱን ይሰጣል። የሆፕ አልፋ አሲድ ግን በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። ቅርጹ በሙቀት ሲለወጥ ነው የሚሟሟውና የሚመርረው። ለዚህ ለውጥ የሙቀቱ መጠንና የሚፈላበት ጊዜ ወሳኝ መሆናቸውን በቃል አውቅ ነበር፤ ከራሴ ምድጃ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ድስቴ ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያውን ጣሳ በሙሉ 4 ሊትር እስኪሆን ድረስ በውሃ በጥብጬ፣ 20 ግራም ሆፕ ጨምሬ አንድ ሰዓት አፈላሁት፤ ከዚያም በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ 10 ሊትር አደረስሁት። ቢራው ደርሶ ስቀምሰው ጌሾ የጎደለው ጠላ ይመስል ነበር፤ ጣፋጭነቱ አፍ ላይ ይቀራል፣ ምሬቱ ግን የለም።

ሆፕ አነሰው ብዬ በሁለተኛው ጣሳ 50 ግራም ጨመርሁ። ምሬቱ መጣ፤ ነገር ግን ድስቱ ውስጥ የተቆለለው ሆፕ ብዙ ፈሳሽ መጦ አስቀረብኝ፣ ቢራውም ቅጠል ቅጠል የሚል ጣዕም ያዘ። በዚህ ላይ ሆፕ ሰኞ ገበያ ወጥተው የሚሸምቱት ነገር አይደለም፤ ግማሹን በአንድ ጊዜ መጨረሴ በጣም ቆጨኝ።

መልሱን ያገኘሁት በቴርሞሜትር ነው። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ሳለ ብነክረው 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። የተበላሸ መስሎኝ ንጹሕ ውሃ አፍልቼ ደገምሁት፤ አሁንም 92 ሆነ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እሳት ቢጨመርም እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። አልፋ አሲድ በ92 ዲግሪ የሚለወጥበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚለወጥበት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ አንድ ሰዓት በባሕር ጠለል ላይ ለሚጠምቅ ሰው የግማሽ ሰዓት ያህል ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የብጥብጡ ውፍረት ነበር። ሙሉው ኤክስትራክት በ4 ሊትር ሲበጠበጥ እፍጋቱ (የንጹሕ ውሃ 1 ሲሆን) 1.112 ገደማ ይደርሳል፤ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ደግሞ ወደ ቢራው የሚገባው ምሬት ይቀንሳል። እኔ ግን ስሌቱን የሠራሁት በ10 ሊትሩ እፍጋት፣ ማለትም በ1.045 ነበር። ሁለቱን ጥፋቶች አንድ ላይ ሳሰላቸው የመጀመሪያው ቢራ 12 አይቢዩ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ጣሳ ሆፑን ወደ 20 ግራም መለስሁት። መጀመሪያ 500 ግራም ኤክስትራክት ብቻ በጥብጬ ከሆፑ ጋር 90 ደቂቃ አፈላሁ፤ የሚተንነውን ውሃ በየጊዜው እየተካሁ 4 ሊትሩን ጠበቅሁ። የቀረውን 1 ኪሎ ኤክስትራክት ሊወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ድስቱን ከእሳት አውርጄ እያማሰልሁ ጨመርሁትና መልሼ አፈላሁት። ከእሳት ላይ ሳይወርድ የሚጨመር ኤክስትራክት ታች ዘቅጦ ያርራል፤ የዚያ ምሬት ደግሞ የሚፈለገው ምሬት አይደለም። በዚህ አሠራር ስሌቱ 28 አይቢዩ ገደማ ሰጠኝ፤ ሆፑ ግን የመጀመሪያው ቀን ያህል ብቻ ነበር።

እርሾ ከመጨመሬ በፊት ስቀምሰው አሁንም ጣፋጭ ስለነበር ሆፕ ልጨምር ዳድቶኝ ነበር። አለመጨመሬ በጀ፤ እርሾው ስኳሩን ከበላው በኋላ ተሸፍኖ የነበረው ምሬት ወጣ። እናቴም ቀምሳ «አሁን ጌሾው ገብቶታል» አለች።

ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ በዚሁ መንገድ ልትሞክር ስትነሳ ግን 90 ደቂቃ እንድታፈላ አልነገርኋትም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእሷ 75 ደቂቃ ይበቃታል። የቀረችኝን 10 ግራም ሆፕ አየር እንዳይገባት አጥብቄ አስሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድስቱ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ለመዓዛ ብቻ እጨምራታለሁ።