በወጣትነት ከባድ መኪና ይዞ እምነት ማትረፍ

ወጣት ሹፌር ሲቀጠር አሠሪው ጭነቱ ቶሎ እንዲደርስለት በጉልበቱ ይተማመናል፤ ባለ ጭነቱ ደግሞ ዕድሜውን አይቶ ንብረቱን ለመስጠት ልቡ ይፈራል። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በሃያዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ ሁለቱንም ዓይነት አስተያየት አውቃቸዋለሁ። ዛሬ በደንብ የተያዘ መኪና፣ ደንበኞች በስሜ ጠርተው የሚሰጡኝ ጭነትና የተረጋጋ ገቢ አለኝ። ለዚህ ያበቃኝ ዋናው ነገር፣ መስተካከል ያለበት ነገር ሳይስተካከል «አልነሳም» ማለትን መልመዴና ለምን እንደማልነሳ ማስረዳት መቻሌ ነው። ዝም ብሎ እምቢ የሚል ሹፌር ሰነፍ ይባላል። ምክንያቱን በቁጥር የሚያስረዳውን ግን ያዳምጡታል። ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

በብዙ አገር ለትልቁ መኪና ዕድሜ ራሱ መስፈርት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ በመደበኛው ደንብ ከግዛት ወደ ግዛት ጭነት ይዞ ለመሻገር 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ብዙ ወጣቶች ዕድሜያቸው እስኪሞላ የሚጠብቁትን ጊዜ እንደ ኪሳራ ያዩታል። እኔ ግን ጋራዥ ውስጥ አሳለፍኩት። ጎማ ስፈታና ስገጥም፣ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሲከፈት ቆሜ ሳይ፣ ታምቡሩን እየተጫነ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ሲቀየር መፍቻ ሳቀብል ቆየሁ። በኋላ መሪ ስይዝ ከፔዳሉ በታች ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነበር። መንጃ ፈቃድ እየጠበቀ ያለ ልጅ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ስመርጥም ደመወዙን በሁለተኛ ደረጃ ነው ያየሁት። ያስቀደምኩት መኪናው በወቅቱ የሚጠገን መሆኑንና ከጎኑ ተቀምጬ የምማርበት ሹፌር መኖሩን ነው። የደረሱኝ ሰው ብዙ የማይናገሩ ነበሩ። ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ፍጥነት ይቀንሱና ማርሽ ቀይረው ይገባሉ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ለምን ይቀንሳሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መውረድ ከጀመርክ በኋላ ማርሽ ፈልገህ ብታጣስ? እዚህ ላይ ሆነህ ጨርስ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት ፍጥነት ካነሳ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመመለስ ሲሞከር ማርሹ አልገባ ሊል ይችላል፤ ያኔ መኪናው በነጻ ይወርዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለፍሬን ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር የሚይዘው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ስትል ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬኑ ማስቆም ያለበት ጉልበት ግን አራት እጥፍ ነው። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ታምቡሩና ሸራው ላይ ያርፋል። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። «ፍሬን እምቢ አለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው፤ ፍሬኑ ጠዋት ጤነኛ ነበር፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ማረፊያ አላገኘም።

ስለዚህ ለቁልቁለቱ የሚሆነውን ፍጥነት ጫፉ ላይ ሆኜ እወስናለሁ። 40 ነው እንበል። ማርሹን ቀንሼ፣ የሞተር ፍሬኑን፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ከፍቼ እገባለሁ። መኪናው 40 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ይዤ 32 አካባቢ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ እለቀዋለሁ። እንደገና 40 ሲደርስ እንደገና። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ለታምቡሩ ግን የመቀዝቀዣ ፋታ አይሰጠውም። መንገዱ ውሃ ወይም በረዶ የያዘ ከሆነ ደግሞ የሞተር ፍሬኑን አጠፋዋለሁ፤ በተለይ መኪናው ባዶ ሲሆን ሞተሩ የሚያሽከረክራቸውን ጎማዎች ቆልፎ ሊያንሸራትት ይችላል።

የዚህ የሞተር ፍሬን ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በስሙ የሚጠራውን የናፍጣ ሞተር ኩባንያ የመሠረተው ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በካሊፎርኒያ ካሆን ፓስ የሚባለውን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ከድቶት ከባቡር ጋር ለጥቂት ነው የተላለፈው። በኋላ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ መሣሪያ ነደፈ፤ ጃኮብስ የተባለው ኩባንያም በ1961 ለገበያ አቀረበው። ሞተሩን የሠራው ሰው እንኳ ቁልቁለት ካስደነገጠው ወጣት ሹፌር ቁልቁለት ቢፈራ የሚያፍርበት ነገር አይታየኝም።

ከፊት ካለው መኪና ጋር ስለሚኖረው ርቀትም እንዲሁ ሰው በግምት ያወራል፤ እኔ በቁጥር ማሰብ ነው የሚያረጋጋኝ። በ80 ስትነዳ በየሰከንዱ 22 ሜትር ያህል ታልፋለህ። አደጋውን አይተህ እግርህ ፔዳሉን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅብህ 33 ሜትር ሄዷል። የአየር ፍሬን ደግሞ አየሩ በቧንቧው ተጉዞ ሸራውን እስኪገፋ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሌላ 11 ሜትር። መኪናው ገና መቀነስ ሳይጀምር 44 ሜትር አለቀ ማለት ነው። ትንንሽ መኪናዎች ከፊቴ የተውኩትን ክፍተት አይተው ሲገቡ አልበሳጭም። እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ክፍተቱን እንደገና እሠራለሁ። በዚህ የሚባክነው ጊዜ ከመድረሻ ሰዓት ላይ የሚታይ አይደለም።

ጠዋት መኪናውን ሳልዞር አልነሳም፤ ይህ ልማድ ካስተማሩኝ ሹፌር የወረስኩት ነው። አየሩ ሞልቶ ሞተር ካጠፋሁ በኋላ ፍሬን ረግጬ ይዤ መለኪያውን አያለሁ። መርፌው እየወረደ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ጸጥ ባለ ቦታ ጆሮም ይሰማዋል። የጎማ ዳዶዎች ዙሪያ የዝገት መስመር ካየሁ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል አጠብቃለሁ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። በጥንድ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ተሰክቶ እንደሆነ፣ አንዱ ተንፍሶ ጓደኛው ብቻውን ተሸክሞ እንደሆነ በእጄ እዳስሳለሁ፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ዓይን ይሸወዳል። ተሳቢ ስቀጥል ከተቆለፈ በኋላ ወርጄ፣ በባትሪ መብራት ከሥር ገብቼ መቆለፉን አያለሁ፤ ከዚያ የተሳቢውን ፍሬን እንደያዝኩ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወደፊት እስባለሁ። ካልተላቀቀ ይዟል።

ስሜን የሠራልኝ ግን የጭነት ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ 10 ቶን የሚመዝን ማሽን ተጭኖልኝ በጥቂት ቀበቶ ብቻ ታስሮ አገኘሁት። ባለ ጭነቱ ቸኩሏል።

«ወንድሜ፣ ቅርብ እኮ ነው፤ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ቅርብም ቢሆን ፍሬን ይያዛል» አልኩት። «ማሽኑ 10 ቶን ነው። አስተሳሰሩ ወደፊት 8 ቶን፣ ወደ ጎን 5 ቶን ግፊት መቋቋም አለበት። አሁን ያለው አይችልም። ሰንሰለት ይጨመርልኝ፣ ከፊቱም መደገፊያ ይደረግ፤ ያኔ ወዲያው እነሳለሁ።»

ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም። የአውሮፓም የአሜሪካም የጭነት አስተሳሰር ደንብ ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደኋላ 50 በመቶ ያህል እንዲቋቋም ይጠይቃል። ሰውየው አጉረመረመ፤ ሰንሰለቱ ግን መጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ማሽን ሲያጓጉዝ «ያ ልጅ ይምጣልኝ» ብሎ ጠየቀ። ያን የሰማ አሠሪዬ ከዚያ በኋላ ከባባዶቹን ጭነቶች ወደ እኔ መላክ ጀመረ፤ ክፍያዬም በዚያው ተነሳ። ሰው ንብረቱን የሚሰጠው ለሚሳሳለት ነው።

እምቢ ማለት ሥርዓት አለው። መጨረሻ ሰዓት ላይ ስልክ አጥፍቶ መጥፋት ሥራ ያሳጣል። እኔ ችግሩን እንዳየሁ እደውላለሁ፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ቢደረግ እንደሚስተካከል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደምደርስ እናገራለሁ። የተናገርኩትን ሰዓት ደግሞ አከብራለሁ። አሠሪ የሚያናድደው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቀው መዘግየቱ ነው።

ከባዱ እምቢታ የእንቅልፍ ነው፤ ምክንያቱም የተጠራጠርኩት መኪናውን ሳይሆን ራሴን ነው። ወጣት ሲሆኑ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ጀግንነት ይመስላል፣ ጓደኛም ያሞግሳል። ነገር ግን 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው የሚዘገየው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሆነ በጥናት ታይቷል፤ በብዙ አገር ያ መጠን መንዳት የሚያስከለክል ነው። ሰውነት ደግሞ በራሱ ሰዓት የሚደክምበት ጊዜ አለው፤ ከሌሊቱ ስምንት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው፣ ከቀትር በኋላም አንድ ጊዜ ይመጣል። እኔ ጉዞዬን ስይዝ እነዚህን ሰዓቶች እንደ አስቸጋሪ መንገድ ቆጥሬ ነው የማቅደው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። የሚያስገድደኝ ሰው በሌለበትም ይህንን መለኪያ ይዣለሁ። ዓይኔ መክበድ ከጀመረ ሙዚቃ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ አያድንም። ደህና ቦታ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ፣ ወዲያው 20 ደቂቃ እተኛለሁ፤ ቡናው መሥራት የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ስለሆነ ስነሳ ሁለቱም ያግዙኛል። ከነቃሁ በኋላም ወዲያው ሞተር አላስነሳም፤ ወርጄ ጎማዎቹን እየዞርኩ እነቃቃለሁ።

ወደኋላ መሄድ ላይ ብዙ አላወራም፤ የሚለመደው ባዶ ሜዳ ላይ በመደጋገም ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ ካለ ቁመህ ውረድና እይ። ሰው እየጠበቀህ፣ ክላክስ እየተነፋብህም ቢሆን ውረድ። ጋቢና ስትወጣና ስትወርድ ደግሞ አትዝለል፤ ሁለት እጅ አንድ እግር ወይም አንድ እጅ ሁለት እግር ሁልጊዜ የያዘ ይሁን። ጉልበትህንና ወገብህን ለብዙ ዓመት ነው የምትፈልጋቸው።

ደብተር መያዝም ብዙ ጠቅሞኛል። የጫንኩትን ክብደት፣ የትኛውን ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደወረድኩ፣ መኪናው መቼ ዘይት እንደተቀየረለት፣ የትኛው ጎማ መቼ እንደተገጠመ እጽፋለሁ። ጭነት ስረከብና ሳስረክብ ፎቶ አነሳለሁ፤ የተጎዳ ነገር ካለ ከመነሳቴ በፊት ወረቀቱ ላይ አስጽፌ አስፈርማለሁ። ሥራ ስቀይር ያቀረብኩት ማስረጃ ይህ ደብተር ነበር። አዲሱ አሠሪ ገጾቹን እያገላበጠ የጠየቀኝ ጥያቄ ከመንጃ ፈቃዴ ይልቅ ስለ ጥገናው ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። አደገኛ ዕቃ ለማጓጓዝ የሚያበቃውን ሥልጠና ወሰድኩ። ፈሳሽ ጭነት በግማሽ ሲሞላ ከሙሉው ይልቅ እንደሚያስቸግር፣ በኩርባና በፍሬን ጊዜ ውስጡ እየተናወጠ መኪናውን እንደሚገፋ እዚያ ነው በደንብ የገባኝ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚከፍለው ለርቀቱ ብቻ ሳይሆን ለእውቀቱም ነው፤ ዕድሜው ለጋ የሆነ ሹፌር ከሌሎች ጋር በርካሽ ዋጋ ከመሻማት የሚወጣበት አንዱ መንገድ ይመስለኛል። አሁን ከጎኔ የሚቀመጡ ጀማሪዎች አሉ። መሪ ከመስጠቴ በፊት መኪናውን ዞረው ያዩትን እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፤ ምንም የማይታያቸው ከሆነ አብረን እንደገና እንዞራለን።

ብዙ ጓደኞቼ የራሳቸውን መኪና ለመግዛት ይቸኩላሉ፤ ሕልሙ የእኔም ነው። ሆኖም የመኪናው ዋጋ የወጪው ጅማሬ ብቻ ነው። ጎማ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ሥራ የሚጠፋበት ወር አለ፣ ሞተር የሚከፈትበት ቀን አለ። ብድር ብቻ ይዞ የገባ ሰው የወር ክፍያው ስለሚያሳድደው ደክሞትም ይነሳል፣ ጎማው አልቆም ይነሳል። እኔ የምገዛው ከዋጋው ውጭ መኪናው ለወራት ቢቆም የሚያስችለኝ ገንዘብ ለብቻው ሲቀመጥልኝ ነው፤ እየተጠጋሁ ነው።